በመንገዱ ላይ የነበሩት ነጫጭ ዶሮዎች

እርጥብ ጋዜጣ ሲሸተኝ የአያቶቼ አገር ሆመቾ ትዝ ትለኛለች። ሰው የልጅነት አገሩን በቅቤ፣ ዝናብ በመታው አፈር፣ በባሕር ዛፍ ጭስ ያስታውሳል። የእኔ እርጥብ ጋዜጣ ነው። ምን ላድርግ፣ አፍንጫዬ ይሄን መረጠ።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ ወደዚያ ሄጄ አያቶቼ ቤት ጎራ አልኩ። ቤቱ አሁን የአጎቴ ነው። ግድግዳው ሊቀባ ስለነበር ዕቃው ሁሉ በረንዳ ላይ ተከምሯል። የአጎቴ ሚስት አንድ ትልቅ ሥዕል ከነመስታወቱ ታቅፋ ወጣችና፣ «ይሄንንስ ምን እናድርገው? አርጅቷል እኮ፤ ምን እንደሆነም አይታይም» አለችኝ።

«አይታይም?» አልኳት። ደሜ ፈላ። «ጋዜጣ አለሽ?»

ጌታ ይባርካት፣ ለምን ሳትል አመጣችልኝ። ነከርኩት፣ ጨመቅሁት፣ መስታወቱን እንደ ድሮዬ ከላይ ወደ ታች ወለወልኩት። ጥቁር ውኃ ወረደ። ያ ሽታ ሲመጣ አንድ የማውቀው ድምፅ ከኋላዬ «እህ፣ ዝናቡ ዛሬ የት ደረሰ?» ያለኝ መሰለኝና ዞርኩ። ከኋላዬ የተገለበጠ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

ድምፁ የአባባ ነው። የእናቴ አባት፣ አቶ ላምቤቦ።

ያን ክረምት እናቴ ሆሳዕና ከተማ መንታ ወለደች። ሁለቱ ሕፃናት እየተፈራረቁ ሲያለቅሱ፣ አልፎ አልፎ እናቴም ስታግዛቸው፣ «ይቺ ልጅ እንኳን አያቶቿ ጋ ትክረም» ተባለ። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ አፌ ግን አሥረኛ ደርሷል ይሉኝ ነበር። ሆሳዕና የምታስተምረው አክስቴ አስቴር በሚኒባስ ወሰደችኝና ከነፌስታሌ አያቶቼ በር ላይ አራግፋኝ ተመለሰች።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ነጋዴ ነበር። ከሞርሲቶ እስከ ሀደሮ ያልረገጠው የከብት ገበያ የለም። ሌላው ነጋዴ ገበያ እንደደረሰ ወደ በሬው ሮጦ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያያል። አባባ አይጠጋም። ራቅ ብሎ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ በሬው ሲራመድ፣ ሲቆም፣ ጭራውን ሲወነጭፍ ያያል። ብዙ ከቆየ በኋላ ነው የሚጠጋው። «መጀመሪያ ከሩቅ ነው» ይለኝ ነበር። «ስትጠጊው ጥርሱን ታያለሽ እንጂ በሬውን አታይም።»

ያን ክረምት ግን ሩቅም ቅርብም አያይም ነበር። ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቷል አሉኝ። እኔ የማውቀው ሞራ የበሬ ሆድ ውስጥ ያለውን ነው፤ ስለዚህ በየመስቀሉ የበላው ጮማ ሞልቶ ሞልቶ ዓይኑ ድረስ ደርሶ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ወዲያ ጮማ ሲሰጡኝ ዞር ብዬ ለውሻው መወርወር ጀመርኩ። ውሻው ዓይኑ ምንም አልሆነም፤ እሱም ገረመኝ።

ሥዕሉ የተሰቀለው ከአባባ የጠፍር ወንበር ትይዩ ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥም፤ ፓስተሩ እንኳን ሲመጡ ሌላ ወንበር ነው የሚቀርብላቸው። ሥዕሉን የሰጠችው ድሮ ክሊኒክ ትሠራ የነበረች ፈረንጅ ናት፤ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ነበር የሚላት። አባባ አንዲት ጥሩ ወተት ያላት ላም መርጦ ገዝቶላት ነበር። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችውና፣ «ላሟን ሁልጊዜ አስታውሳታለሁ፤ አንተ ደግሞ በዚህ የአገሬን ገጠር አስታውስልኝ» አለችው። ለአባባ የገባው በራሱ መንገድ ነው። ሴትዮዋ የቤተሰቧን ላሞች አሳየችኝ ብሎ ተቀበለ፤ ለዓመታትም ላሞቹ የማን እንደሆኑ ለሚጠይቀው ሁሉ «የሲስተር አባት ናቸው» ይል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አክስቴ አስቴር ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበችና ጉዱ ወጣ። ሥዕሉ የተሣለው ከመቶ ዓመት በፊት፣ ከዚያም አልፎ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር አሥራ ስምንት መቶ ስልሳ ምናምን። ይሄ ደግሞ የታተመ ቅጂው ነው።

«እንግዲያው ላሞቹ ሞተዋል?» አለ አባባ።

«የልጅ ልጆቻቸውም ሞተዋል፣ አባ።»

ያን ቀን ምሳ አልበላም ይባላል። አያቴ እማማ ግን ፍንክች አላለችም። ሥዕሉ ቤት ከገባ ጀምሮ የማታ ጸሎት ላይ የሥዕሉን ሰዎች ትጠራ ነበር፤ ምክንያቱም መሬቱን ሁሉ በዓይኗ ብትዞር፣ ከአጥሩ ጀርባ ብትፈልግ፣ አንድ እንሰት አላገኘችም። «ይሄ ሁሉ ለም መሬት! አንድ እግር እንሰት የለም! ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ሊበሉ ነው?» ትላለች። ጎረቤት ሴቶችም ሲመጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት እንሰቱን ነው፤ ሲያጡት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እናም ማታ፣ ልጆቿንና የታመመን ሁሉ ከጠራች በኋላ፣ «ጌታ ሆይ፣ እንሰት የሌላቸውንም እነዚያን አብላቸው» ብላ ነበር የምትጨርሰው።

አስቴር፣ «እማ፣ ለሞተ ሰው አይጸለይም እኮ!» አለቻት።

«መሞቷን ማን አየ?» አለች እማማ ሥዕሉ ውስጥ ወዳለችው ሴት እየጠቆመች። «ያውና ቆማለች!»

እውነትም ቆማለች። ሥዕሉን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ከግማሽ በላዩ ሰማይ ነው። በግራ በኩል ደመናው ጠቁሮ ወደ መሬት ተጭኗል፤ በቀኝ በኩል ተቀዶ፣ ቢጫ ብርሃን በቀዳዳው ወርዶ አንድ እርሻ ላይ አርፏል። ከታች ሰፊ የጭቃ መንገድ ከእኛ እግር ሥር ተነስቶ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። በመንገዱ ዳር ላሞች አሉ፤ አንዷ ተኝታለች። ራቅ ብሎ የአጥር በር አለ፤ በሩ ላይ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት አንድ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆማለች። መጨረሻ ላይ ሚስማር የምታክል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። መንገዱ ላይ ደግሞ፣ እዚህም እዚያም ተበታትነው፣ ነጫጭ ዶሮዎች።

የነገሩ ሁሉ መነሻ እነዚህ ዶሮዎች ናቸው።

ቤቱ የእንጨት ጭስ ስለሚገባው መስታወቱ ባንድ ቀን ይጠቁራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ሳልቀምስ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ በእርጥብ ጋዜጣ እወለውለዋለሁ። ስጨርስ አባባ ከወንበሩ «በይ ንገሪኝ» ይላል። ከሰማዩ እጀምራለሁ። እሱ ዝም ብሎ አይሰማም፤ እንደ ገበያ ይከራከረኛል።

«የተኛችው ላም ምን መልክ ናት?»

«ቀይ።»

«ቀይ ብቻ? ሆዷ ሥርስ?»

አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አያለሁ። «ሆዷ ሥር ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊ ላም የት አየሽ?»

«እዚህ አለች። ሰማያዊ ነው፣ አባባ! ትንሽ ሐምራዊም አለው።»

ትንሽ ያስብና፣ «ጥላ ነዋ» ይላል። «ከበላይዋ ያለው ሰማይ ምን መልክ ነው? እሱ ነው ወርዶ ሆዷ ሥር የገባው።» እኔ ወጥቼ የእማማን ላም ሆድ ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጌታን፣ ሰማያዊ ነገር ነበረበት! ላሟ እግሯን አንስታ ልትለኝ ነበር። ሣርም አረንጓዴ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጭቃም ቡኒ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት በዚያ ክረምት፣ ዓይኑ ለጠፋ ሰው ስነግር ነው። «አረንጓዴ» ብዬ ላልፍ ስል «የትኛው አረንጓዴ? የእንሰት ነው የባሕር ዛፍ?» ብሎ ይይዘኛል። የእንሰትም የባሕር ዛፍም ካልሆነ ወጥቼ የሚመስለውን ቅጠል ፈልጌ እመጣና እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። በጣቱ ያሸዋል፣ ያሸታል፣ «እሺ፣ ቀጥይ» ይላል።

በዚህ ሁሉ ተስማምተናል። ያልተስማማነው በዝናቡ ነው።

አባባ ዝናቡ አልፏል ባይ ነው። ዘንቦ፣ አባርቶ፣ ላሞቹ ወደ ሣሩ እየተመለሱ ነው፤ መንገዱ ላይ ውኃ ቋጥሯል፤ ሴትዮዋም ብርሃኑን ለማየት ነው በሩ ላይ የወጣችው። እኔ ደግሞ ዝናቡ ገና እየመጣ ነው ባይ ነበርኩ። ደመናው ጠቁሯል፤ ላሟ ተኝታለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ዶሮዎቹ አሉ። ዶሮዎቹ ወደ ቤት እየሮጡ ነው። ሴትዮዋም ቆማ እየጠራቻቸው ነው።

«ዶሮ የለም» ይላል አባባ።

«አለ።»

«ይሄን ሥዕል አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ዶሮ የሚባል ነገር የለበትም። ውኃ ነው።»

«በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ! ክንፍ ሁሉ አላቸው።»

እማማ ተጠርታ ትመጣለች፤ ጠጋ ብላ ታያለች፤ «ዶሮ ነው የሚመስሉት፣ ምስኪኖች፤ እንኳንም ዶሮ ኖራቸው» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ በደስታ እዘላለሁ። አባባ ከዘራውን መሬት ይመታል። አባባን «አንተ» ነበር የምለው፤ «አንቱ» ካልኩት እንግዳ የመጣ ይመስለው ነበር። ታዲያ በእነዚያ ጠዋቶች እኩያዬን የምሞግት እንጂ አያቴን የማናግር አልመስልም ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሚናደድ አልገባኝም። በዶሮ!

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አስቴር ከሆሳዕና መጣች። የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ይመጣሉ፣ ሞራ ይገፍፋሉ፣ ስሙን አስመዝግቤለታለሁ አለች። በቤተ ክርስቲያንም ማስታወቂያ ተነግሮ ነበር።

«አልሄድም» አለ አባባ።

«ለምን፣ አባ?»

«ዱራሜ የማውቀው አንድ ነጋዴ ነበር። የቀረችውን ብርሃንም አጥፍተውለት መጣ።»

«እሱ ያዘዙትን ስላላደረገ ነው። ሳምንት ሳይሞላው እርሻ ወርዶ …»

«አስቴር፣ እኔ ዓይን አለኝ» አለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ይቺውና። ምላሷ ትንሽ ረዝሟል እንጂ ዓይኗ ደህና ነው።»

እኔ ደረቴን ነፋሁ። የአባባ ዓይን መሆን ቀላል ሹመት አይደለም። እማማ ግን ጓዳ ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ስትጠርግ አየኋት። ጭሱ ነው አለችኝ። እሳቱ አልተቀጣጠለም ነበር።

እማማ ያለቀሰችበትን ነገር ያወቅኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጎረቤታችን አቶ ሄራሞ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ። የሰፈሩ ሰው በየዓመቱ ለመስቀል በሬ በጋራ ይገዛል፣ አርዶ በቅርጫ ይካፈላል፤ በሬውን የሚመርጠው ደግሞ ሁልጊዜ አባባ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ዓይኑ ደክሞ፣ በእጁ ዳብሶ ነበር የመረጠው። በሬው ሲታረድ ከቆዳው በታች አጥንት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ማንም ምንም አላለም፤ ዝም ብለው ተካፍለው በሉ። ለአባባ ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ነበር።

አቶ ሄራሞ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ «አቶ ላምቤቦ፣ እንግዲህ ለብዙ ዓመት ደክመውልናል። ዘንድሮ ይረፉ። ልጆቹ ይሂዱና ይምረጡ ብለን ነው» አሉ።

«መልካም» አለ አባባ። «ጥሩ አስባችኋል።»

እስከ በር ሸኛቸው። እጁ ግድግዳውን እየነካ ሲመለስ አየሁት፤ ወንበሩን አለፈው። የራሱን ወንበር! በእጁ አየሩን ፈለገና ቆመ። ሮጬ እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። የዚያን ቀን ራቱን ነካ ነካ አድርጎ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ወለወልኩ። «ንገሪኝ» አለ፤ ድምፁ ደክሞ ነበር። ከሰማዩ ጀመርኩ፣ ላሞቹን አለፍኩ፣ መንገዱ ጋ ደረስኩ። ምናለ ዝም ብል! ግን ዝም ማለት አላውቅም።

«ዶሮዎቹ ወደ ቤት እየሮጡ ነው።»

ከዘራው ወለሉን ሲመታ እማማ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ዶሮ የለም!» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «የለም አልኩሽ! ውኃ ነው! አንቺ ልጅ፣ ስንቴ ልንገርሽ?»

«አንተ እኮ አታይም!» አልኩት እኔም ጮኬ። «ውኃ ከሆነ ና ተነስተህ እይ!»

እማማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ጋዜጣውን ስጨምቀው ውኃው በክንዴ ወረደ። አሁን በከዘራው ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰው ሲሰማኝ ይሄን ያልኩት ጸጽቶኝ የማወራ ይመስለዋል፤ ኧረ በጭራሽ! በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የጠቀመው እሱ ነው።

አባባ ግን እማማን ጠራት። «አስቴር ያለችው ሐኪም መቼ ነው የሚመጣው?»

«እ?» አለች እማማ። «ምነው? ምን ታየህ?»

«ምንም። ዶሮ ማየት አማረኝ።»

አስቴር ሐሳቡን ሳይቀይር ብላ በነጋታው መጥታ ወሰደችው። እኔ ከእማማ ጋር ቀረሁ። እንደዚያ የረዘመ ጊዜ አላውቅም። ሥዕሉን ግን መወልወሌን አልተውኩም። ስጨርስ፣ የሚሰማኝ ባይኖርም፣ ወደ ባዶው ወንበር ዞሬ ከሰማዩ ጀምሬ እናገራለሁ። መንገዱ ጋ ስደርስ ዶሮዎቹን እዘላቸዋለሁ። ጌታ ሆይ፣ አባባ ይይ እንጂ ዶሮዎቹ ቢፈልጉ ውኃ ይሁኑ ብዬ ጸለይኩ። ከዚህ በላይ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

አስቴር ወደ አቶ ሄራሞ ስልክ ደወለች። እማማ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ይዛ ጮኸች፤ «አባ ዛሬ ፋሻው ተፈታለትና …» የሚለው ተሰማ፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንደገና ብንሞክር እምቢ አለ። እማማ ያን ቀን ራት ስንቀርብ ስትጸልይ የሥዕሉን ሰዎች ረሳቻቸው። የእንሰቱን ነገር ያስታወስኳት እኔ ነኝ።

ባጃጇ በጭቃው እየተንሸራተተች ስትመጣ እኔና እማማ በር ላይ ነበርን። መጀመሪያ አስቴር ወረደች፤ ፊቷን ብናየው ምንም አይናገርም፤ ሆን ብላ ነው። ከዚያ አባባ ወረደ። ጥቁር መነጽር አድርጓል። አስቴር እጇን ስትዘረጋለት በከዘራው ወደ ጎን አደረጋት። ከእኛ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ከዘራውን ተደገፈ፣ አልተጠጋም። ዝም ብሎ አየን። ያኔ ገባኝ። በሬ ሲያይ እንደዚያ ነው የሚቆመው።

«አርጅተሻል» አላት እማማን።

«አንተስ!» አለችና እልል ብላ ባለችበት ቁጭ አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ ናት የምትሞግተኝ? ይቺ ጭራሮ?» አለ። «በድምፅሽ ትልቅ ሴትዮ ትመስዪኝ ነበር እኮ!»

በአንዱ ዓይኑ ነበር የሚያየው፤ ሁለተኛው ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል። ጎረቤት ሳይሰማ፣ ገና ውኃ እንኳን ሳይጠጣ፣ ወደ ቤት ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ እየሮጥኩ በርጩማው ላይ ወጣሁና ጣቴን አንዷ ዶሮ ላይ አደረግሁ።

«ዞር በይ» አለኝ። «ጋርደሽኛል።»

ዞር አልኩ። መነጽሩን አወለቀ። አየ። ከዚያ ተነሳና ወደ ሥዕሉ ሄደ፤ አፍንጫውን እንደ እኔ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ለካ ይሄን ሥዕል በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ተጠግቶ አላየውም! ጣቱን አንዷ ዶሮ ላይ አሳረፈ፣ ወደ ሌላዋ ሄደ።

«ጌታን» አለ። «ክንፍ አላቸው።»

«አላልኩህም!» ብዬ ቤቱን በጩኸት አናወጥኩት። «አላልኩህም! እማማ፣ ዶሮ ነው አለ!»

«ጨረስሽ?» አለኝ። «አሁን ደግሞ ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

ወንበሩን ነው የሚያሳየኝ። አስቴርን አየኋት፣ እማማን አየኋት፤ እነሱም እንደ እኔ ደንግጠዋል። ቀስ ብዬ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ጠፍሩ በእሱ ልክ ስለረገበ ሰመጥኩ፤ እግሬ መሬት አልነካም። ቀና ብዬ አየሁ።

ዶሮዎቹ የሉም።

ዓይኔን አሸሁ። መንገዱ ላይ ውኃ አለ። በየጋሪው ዱካ፣ በየጉድጓዱ የቋጠረ ውኃ፣ ያ በደመናው ቀዳዳ የወረደው ብርሃን ገብቶበት ያብረቀርቃል። ጭቃው እርጥብ ነው። ላሞቹ ጀርባቸው ያበራል። ጥቁሩ ደመና ወደ ሌላ ሰው አገር እየሄደ ነው። ሴትዮዋ ማንንም አትጠራም፤ ብርሃኑ ዓይኗን ስለመታት ነው እጇን ግንባሯ ላይ ያደረገችው። በየቀኑ በእጄ የነካሁት ሥዕል ነው፤ ግን ገና ያን ቀን ነው ያየሁት። ያ ሠዓሊ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሰው ራቅ ብሎ ተቀምጦ እንዲያየው በነጭ ቀለም ነካ ነካ አድርጎ ሄዷል። እኔ ጥርሱን ስቆጥር ከርሜያለሁ።

አባባ ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። አስቴር «ጎንበስ አትበል ብለውሃል!» ብትለውም አልሰማትም።

«ዓይኔ ባንድ ቀን አልጠፋም» አለኝ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኗ ሄደች። ከዚያ ሴትዮዋ። ከዚያ ላሞቹ፣ አንድ ባንድ፣ እንደተሸጡ። በመጨረሻ የቀረኝ ይሄ መንገዱ ላይ ያለው ነጭ ነው። በየጠዋቱ እዚህ ቁጭ ብዬ እፈልገዋለሁ። ካገኘሁት፣ ‹ውኃው አለ፤ ዝናቡ አልፏል፤ እኔም ገና አለሁ› እላለሁ። አንድ ቀን ፈለግሁት፣ አጣሁት። ከዚያ አንቺ መጣሽና ዶሮ ነው አልሽኝ።»

ያንን ሁሉ ጠዋት ለምን በከዘራው ወለሉን እንደሚመታ ያኔ ገባኝ። እኔ፣ ያ ሁሉ አፍ ያለኝ፣ አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። እሱ ጀርባዬን እየመታ፣ «በይ በይ፣ እንባ አታስመጪብኝ፤ ዓይኔ ውኃ እንዳይነካው ብለዋል» ይለኛል።

የመስቀል በሬ መግዣው ጊዜ ሲደርስ አቶ ሄራሞ እንደገና መጡ። አሁን ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ፣ «እንግዲህ ይምረጡልን» አሉ። አባባ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ እኔን አስከትሎ ገበያ ወረደ። ወጣቶቹ በሬዎቹን ሻኛ ሻኛቸውን ይጨብጣሉ። አባባ ከበሬው ሁሉ ራቅ ብሎ ቆመና እኔን አጠገቡ አቆመኝ። ብዙ ቆየን። እግሬ ደነዘዘ።

«የቱ ነው?» አለኝ።

አንድ ቡሬ በሬ፣ ማንም ያልከበበውን፣ ሲራመድ መሬቱን ረግጦ የሚያልፈውን ጠቆምኩ።

ከዘራውን አነሳና በቀጥታ ወደዚያው በሬ ሄደ። ሲታረድ የሰፈሩ ሰው ስለ ሥጋው ያወራው እስከ ገና ድረስ ነው። ያኔ እኔም ጮማ በላሁ፤ ሞራው እንግዲህ ከተገፈፈ ምን አስፈራኝ።

ከመስቀል በኋላ ትምህርት ሊከፈት አስቴር ልትወስደኝ መጣች። የመጨረሻው ቀን ጠዋት በርጩማው ላይ ወጣሁ፣ ጋዜጣዬን ነከርኩ፣ ከላይ ወደ ታች ወለወልኩ። ስወርድ አባባ ወንበሩ ላይ ነበር፤ መነጽሩ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

«በይ ንገሪኝ» አለ።

«ታያለህ እኮ!»

«ንገሪኝ አልኩሽ።»

ወደ ኋላዬ ሄጄ፣ ከወንበሩ አጠገብ ቆሜ፣ ከሰማዩ ጀመርኩ። የተቀደደውን ደመና፣ ብርሃኑ ያረፈበትን እርሻ፣ ሆዷ ሥር ሰማያዊ ያላትን ላም፣ ቀይ ሻሽ ያሰረችውን ሴት ነገርኩት። መንገዱ ጋ ስደርስ፣ «ዝናቡ አልፏል፤ መንገዱ ላይ ውኃ አለ» አልኩ።

አባባ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ።

«ዶሮዎቹስ?» አለኝ።

«ከውኃው እየጠጡ ነው።»